ባለ ቅጠሉ ቢላ

ባለፈው ጥቅምት የተቦረቦረ ጥርሴን ላስሞላ ሐኪም ቤት ሄጄ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ አፌን ከፍቼ ሳለሁ፣ መሣሪያው እየጮኸ ጥርሴን መፋቅ ሲጀምር የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። የሚቃጠል ቀንድ ሽታ ነበር። ጥርስ ሲፋቅ እንደ ቀንድ እንደሚሸት እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ሐኪሟ ደንግጣ መሣሪያዋን አቆመችና «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። በእጄ ምልክት «አይደለም» አልኳት። ሕመም አልነበረም፣ ንዴት ነበር፤ ልጅ ሆኜ የጀመረኝ፣ ትዳር ይዤ ልጆች ወልጄም ያልበረደልኝ ንዴት።

እኛ ቤት ቀንድ የማይሸትበት ቀን አልነበረም። ቤታችን ምን አለሽ ተራ፣ ከቆርቆሮ ምድጃ ከሚሠሩና አሮጌ በርሜል ከሚያቃኑ ሰዎች መሃል ነበር፤ ፊቱ ሱቅ፣ መሃሉ መሥሪያ፣ ጀርባው መኖሪያ። ስንተኛም ስንነሳም የምንሰማው መዶሻ ነው። አያቴ አባባ ነስሩ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ እየመረጠ ይገዛና፣ ከሰል ላይ አግሎ፣ ከአባቴ ጋር እየተቀባበሉ ቀጥቅጠው ቢላ ያወጡ ነበር። እናቴ ዙበይዳ ደግሞ እጀታውን ትሠራለች። የበሬ ቀንድ በትልቅ ድስት ቀቅላ፣ ሲለሰልስ በእንጨት መሃል አስራ ታቃናውና፣ ቆርጣ፣ በሞረድ ፍቃ፣ በጋለ ምስማር በስታ ትገጥመዋለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እጀታውን በአመድና በጨርቅ እወለውላለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ፉአድ በእናቴ ጀርባ ታዝሎ በመዶሻው ድምፅ ይተኛል። መዶሻው ዝም ሲል ነበር የሚነቃው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አባባ ነስሩ አንዲት ትንሽ ብረት አንስቶ፣ ቢላው ላይ ከእጀታው ዝቅ ብሎ ያሳርፍና አንዴ ይመታታል። የእንሰት ቅጠል ትወጣለች። ያችን ብረት ማንም አይነካትም ነበር፤ አባቴ እንኳ። ደንበኞቻችን በአያቴ ስም አይጠሩንም፣ በሱቃችንም አይጠሩንም። «ባለ ቅጠሉን ስጡኝ» ነበር የሚሉት።

አያቴ ከሀገሩ የወጣበትን ምክንያት የነገረን በበልግ ወራት ነው፤ ዝናቡ ሲመጣና ሲሄድ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ። በተወለደበት መንደር ብረት ሠሪ መሬት አልነበረውም። ዶማውን እሱ ይሠራል፣ መጥረቢያውን እሱ ይሠራል፣ እንሰቱ የሚቆረጥበትን ቢላ እሱ ይሠራል፤ ሰዎቹ ግን ከበራፋቸው አያሳልፉትም፣ ውሃ ከለመነ በተሰበረ ቅል ይሰጡታል፣ ቅሉንም ከኋላው ይጥሉታል። ላም ስትሞት «ዓይኑ ነው» ይባላል። አንድ ዓመት የጎረቤት ልጅ ታሞ ሲሞት ቤቱን ከበው ድንጋይ ወረወሩበትና፣ በማግስቱ ሴት አያቴን፣ ሕፃኑን አባቴንና መዶሻውን ይዞ በዕቃ መኪና አዲስ አበባ ገባ። ይህን ሁሉ ሲያወራ ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል። «መርካቶ ጥሩ ነው» ይል ነበር። «መርካቶ የማን ልጅ ነህ አይልህም። ይቆርጣል ወይ? ነው የሚልህ።» እኔ ግን ያንን ቅል የወረወረውን ሰው ፈልጌ ባገኘው ምን እንደማደርገው እያሰብኩ እቃጠል ነበር።

ክረምት ሲገባ ሥራው ይከብድ ነበር። ከሰሉ ይረጥባል፣ ጭሱ ከቆርቆሮው በታች ይተኛል፣ ደጃፉ ጭቃ ስለሚሆን ደንበኛ አይመጣም፤ እኛ ግን ለመስከረም የሚሆነውን የምናዘጋጀው ያኔ ስለሆነ ከወትሮው የበለጠ እንሠራለን። ለመስቀል ሀገር ቤት የሚገባው ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ለአባቱ ወይም ለታላቅ ወንድሙ አዲስ ቢላ ሳይዝ አይሄድም። ክትፎው የሚከተፍበት ቢላ የቤቱ ክብር ነበር። መስከረም ብቅ ሲል ሱቃችን ፊት ሰው ይጋፋል። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ሥጋ ቤት የነበራቸው ጋሼ ለማ፣ በራችን ለቁመታቸው የማይበቃ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብለው ገብተው ቢላውን በጥፍራቸው እየሞከሩ «ነስሩ፣ ይሄ እኮ ሥጋውን ሳይሆን ሐሳቡን ነው የሚቆርጠው!» ሲሉ አያቴ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ይዞር ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንበኛችን ግን ጋሼ ሙዘይን ነበር። አንዋር መስጊድ አጠገብ ትልቅ የቤት ዕቃ ማከፋፈያ ነበረው፤ ከአያቴ ጋር የአንድ መንደር ሰው ነው፣ አባቶቻቸው ይተዋወቃሉ። በየጊዜው መኪናውን ደጃፋችን አቁሞ ቢላውን በእስር በእስር እያስጫነ ወደ ክፍለ ሀገር ይልካል። እናቴ ሁልጊዜ የሚበላ ታቀርብለት ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ «ጨጓራዬ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ዙበይዳ» ይላል። ለስላሳ ከሆነ ይጠጣል፤ ያውም ጠርሙሱ ዓይኑ እያየ ከተከፈተ፣ በብርጭቆ ሳይሆን በጠርሙሱ። እኔ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሀብታም ሰውዬ በበሽታ ምክንያት ምግብ አይበላም ብዬ።

እውነቱን ያወቅኩት በአረፋ በዓል ነው። እናቴ በቀንድ እጀታ ያጌጠ ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ ለበዓል ስጦታ ጋሼ ሙዘይን ቤት ሄደች። ግቢው በእንግዳ ሞልቶ፣ ሁሉም በትልልቅ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ እየበላ ነበር። ለእኛ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ተሰጠንና ምግቡ በሁለት የላስቲክ ሳህን ለብቻ መጣልን። ባለቤቱ ፈገግ እያለች «ብሉ፣ ብሉ» አለችን። ጨርሰን ስንወጣ ሳህኔን እንደ ባለጌ ላለመተው ብዬ ወደ ጓዳ ይዤው ስሄድ፣ ሠራተኛዋ ከእጄ ተቀብላ፣ ከቆሻሻው ጋር ከተተችው። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ መንገዱን ሙሉ እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨብጣ ይዛኝ ሄደች። ስጦታውን አስቀርተውታል። ቢላውን ከቆሻሻው ጋር አልከተቱትም።

ከዚያ መንግሥት ተቀይሮ ገበያው ተከፈተ፣ የውጭ ዕቃ እንደ ጉድ ይገባ ጀመር። አንድ በጋ፣ ገና ካለፈ በኋላ፣ ጋሼ ሙዘይን መጣና ከየዓይነቱ አንዳንድ ቢላ መረጠ፤ የሥጋ፣ የሽንኩርት፣ የዳቦ። «ውጭ ሀገር ለማገኛቸው ሰዎች ስጦታ ነው፤ የሀገራችንን ሥራ ይዩት» አለ። አያቴ ደስታው ልክ አልነበረውም። ራሱ እየሳለ፣ ራሱ እየወለወለ፣ ቅጠሏንም በደንብ እንድትታይ አድርጎ መትቶ ሰጠው። ዋጋ አልተቀበለውም። «ስማችን ባሕር ሊሻገር ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

ጋሼ ሙዘይን ከዚያ በኋላ ቢላ ሊወስድ አልመጣም። አንድ ወር፣ ሌላ ወር። አባቴ ሱቁ ሄዶ ሲጠይቀው «ገበያ ቀዝቅዟል» አለው። ገበያ ግን አልቀዘቀዘም ነበር። ሁዳዴው ሊፈታ ሲቃረብ አንዲት የሠፈራችን ሴት «ቢላችሁ በሳምንቱ ደነዘዘብኝ፣ ሳሉልኝ» ብላ የሚያብለጨልጭ፣ ጥቁር ላስቲክ እጀታ ያለው ቢላ ይዛ መጣች። አባቴ እያገላበጠ አየውና ለአያቴ ሰጠው። ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ልክ በቦታው፣ የእንሰት ቅጠሏ ነበረች። አያቴ አውራ ጣቱን ቅጠሏ ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አሻሸው፤ የምትለቅ መስሎት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ያለ ክፍያ ስሎ ለሴትዮዋ መለሰላት። «የእኛ አይደለም» እንኳ አላላትም። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ጋሼ ለማ መጡ። እንደ ድሮው ጎንበስ አላሉም፤ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ነው የገቡት። ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሎ ደሙ ወደ ውጭ ወጥቷል። በግራ እጃቸው ለሁለት የተሰበረ ቢላ አያቴ እግር ሥር ወረወሩ።

«ነስሩ! በበዓል ቀን፣ ሰው ተሰልፎ፣ አጥንት ላይ ሳሳርፈው እጄ ላይ ተሰበረ! ሦስቱ ጣቶቼ አይታጠፉም ብሎኛል ሐኪሙ። ከዚህ በኋላ በምን እጄ ነው የምሠራው?»

 እናቴ ፉአድን እንዳዘለች ከድስቷ ተነስታ መጥታ ስብርባሪውን አነሳች።

«ጋሼ ለማ፣ ከየት ገዙት?»

«ከዚሁ ነዋ! ከጉልቱ፣ ከአከፋፋዩ፣ ምን ለውጥ አለው? ሠራተኛዬ ነው የገዛው። ባለ ቅጠሉ ብዬ ላክሁት፣ ባለ ቅጠሉን አመጣ። ቅጠሉ የእናንተ አይደለም?»

«ቅጠሉ የእኛ ነው» አለች እናቴ። «ቢላው ግን የእኛ አይደለም። ይህን እጀታ እኔ ሠርቼ አውቃለሁ?»

ጋሼ ለማ ቁጣቸው በአንዴ አልበረደም፤ ግን ላስቲኩን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ በመጨረሻም ከበርሜሉ ላይ ቁጭ አሉ። «ማነው ታዲያ?» አሉ። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እናቴ ስብርባሪውን በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች። አባቴ «ቆይ፣ እኔ ልሂድ» ሲላት አልሰማችውም። እኔም እየሮጥኩ ተከተልኳት። ሸክም የያዙትን እየገፋች፣ ጋሪዎቹን እያለፈች፣ ከምን አለሽ ተራ እስከ መስጊዱ አንዴም ሳታርፍ ሄዳ የጋሼ ሙዘይን ሱቅ ፊት ቆመች። ሱቁ በገዢ ሞልቶ ነበር። ከጣሪያው እስከ ወለሉ በካርቶን የተደረደረው ሁሉ ባለ ቅጠሉ ነበር። በካርቶኑ ላይ ሳይቀር ቅጠሏ አረንጓዴ ሆና ተስላለች።

«ጋሼ ሙዘይን» አለች እናቴ፣ ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች፣ «ይሄ ቢላ ሰው ቆርጧል። የአማቴን ምልክት ማን ሰጠዎት?»

ገዢዎቹ ዞር አሉ። ጋሼ ሙዘይን አልደነገጠም፤ ሳቀ።

«የምን ምልክት? ቅጠል እኮ አላህ የፈጠረው ነው፣ ዙበይዳ። ነስሩ ነው እንሰትን የተከለው?»

«ሲወስዱት ለስጦታ ነው ብለው ነበር።»

«ስሚ፣ ደንበኛ አታስቀይሚብኝ። ሂጂና እጀታሽን ፋቂ።» ከዚያ ወደ ገዢዎቹ ዞሮ፣ ለእነሱ ብቻ እንደሚያወራ ሆኖ፣ ግን እኛ እንድንሰማ፣ «ቀጥቃጭ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስም የኖረው?» አለ።

ሳቅ ያለ ሰው ነበረ። ብዙዎቹ ግን አልሳቁም፤ ካርቶናቸውን ያያሉ። እናቴ ወደ እነሱ ዞረች። «ሰዎች፣ ይሄን ለእናቶቻችሁ ነው የምትወስዱት። የሰው ጣት ቆርጧል እያልኳችሁ ነው» አለች። አንዱ ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ስብርባሪውን አንስቶ አየው፣ አገላበጠው፣ ከዚያም ለጋሼ ሙዘይን «ታዲያ እንዲህ ከሆነ ቅናሽ አድርግልኛ» አለው። እናቴ ስብርባሪውን ከእጁ ወስዳ መልሳ ጠቀለለችው። ስንመለስ ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን ቀና ብዬ አየሁ። አላለቀሰችም። እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

አባቴ ፍርድ ቤት እንሂድ አለ። አያቴ እምቢ አለ፤ «የሀገር ሰው እያለ በዳኛ አንካሰስም፤ ሽማግሌዎቹ እውነቱን ያያሉ» ብሎ። በእነሱ ላይ የነበረው እምነት ከየት እንደመጣ አይገባኝም፤ ድንጋይ ወርውረው ያባረሩት እኮ የእነዚሁ ሰዎች አባቶች ናቸው። ክረምት ገብቶ፣ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንዱ ሽማግሌ ቤት ተሰበሰቡ። እናቴም ምስክር ስለነበረች እኔና ፉአድ አብረን ሄድን። ጋሼ ሙዘይን ከሽማግሌዎቹ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። አያቴ ከበሩ አጠገብ ወንበር ተሰጠው፤ ዝናቡ በበሩ እየገባ ጀርባውን ያረጥበው ነበር።

ጋሼ ለማ ሃይማኖታቸው ሌላ፣ ሀገራቸው ሌላ፣ ግን መጥተው የማይታጠፉ ጣቶቻቸውን አሳዩ። «እኔ የነስሩን ቢላ ከድሮ ጀምሮ ይዣለሁ። ተሰብሮብኝ አያውቅም። የዚህን ሰው ስም አበላሽታችሁበታል» አሉ። ሽማግሌዎቹ አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ለብቻቸው ተማከሩ፣ ከዚያም ትልቁ ተናገሩ። ሙዘይን የተጎዳውን ሰው ያሳክም፤ ይገባል። ነገር ግን ዕቃው አንዴ ከባሕር ማዶ መጥቷል፣ ገንዘብ ፈሶበታል፣ አይመለስም። ነስሩ የእጅ ሰው ነው፣ እጁ እስካለ ሌላ ምልክት አያጣም። ቅጠሉን ይተውለትና እንደ ወንድማማች ይታረቁ። «ተነሱና ተቃቀፉ፤ ዱዓ እናድርግ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። የሁሉም እጅ ተዘረጋ።

አያቴ ተነሳ። የሚያቅፈው መስሎኝ ነበር፤ በሕይወቱ እምቢ ሲል አይቼው አላውቅም። ጋሼ ሙዘይንም ክንዱን ከፍቶ ቆመ።

«እኔ ሀገሬን ጥዬ የወጣሁት ይህን ላለመስማት ነበር» አለ አያቴ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ቅሉን ስትወረውሩ ዝም አልኩ። ድንጋዩን ስትወረውሩ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ወንድም ነህ ብላችሁ ነው የምትዘርፉኝ። ዱዓችሁን ለእሱ አድርጉለት፤ እኔ አሚን አልልም።»

ወጣ። ዣንጥላውን እንኳ አላነሳም። እናቴ ፉአድን አዝላ፣ እኔን ይዛ ተከተለችው። ከኋላችን አንድ ሰው «ምን ይደረግ፣ ዘሩ ነው» ሲል ሰማሁ። ጋሼ ለማም ሰምተው ነበርና በሩ ላይ ቆመው የማልጽፈውን ስድብ ሰደቧቸው። ያ ስድብ ከዱዓው የበለጠ አጽናናኝ።

ያን መስከረም አያቴ ምልክት አልመታም። አባቴ ሌላ ምልክት እናውጣ፣ ኮከብ ይሁን፣ ጨረቃ ይሁን ብሎ ለመነው። «ኮከቡንስ የሚወስደው የለም?» አለው። ጋሼ ለማ ሥጋ ቤት ለሥጋ ቤት እየዞሩ ስለነገሩ፣ ባለ ልኳንዳዎቹ ራሳቸው እየመጡ ቢላቸው ሲቀጠቀጥ ቆመው አይተው ይወስዱ ጀመር። «ባዶውን ስጠኝ፣ ምንም የሌለበትን» ይሉ ነበር። ይህ ግን ምን አለሽ ተራ ድረስ መምጣት ለሚችል ሰው ነው። የቀረው ሀገር በሙሉ የሚያብለጨልጨውን ገዛ፤ ሲሰበርበትም የሚረግመው ቅጠሏን ነበር። አባቴ ቀስ በቀስ መዶሻውን ለከሰል ምድጃ ሥራ አዋለው። እናቴም የቀንድ ድስቷን ሳታወጣ ሳምንታት ታሳልፍ ጀመር።

አያቴ የሞተው ከጥቂት ዓመት በኋላ በጥር ነው። ለቅሶው ላይ ጋሼ ሙዘይን መጣ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ ምግብ ሲቀርብ እጁን ታጥቦ፣ ከእኛ ትሪ በላ። ሰዎች አዩት፤ «አየህ ትሕትናውን? ሀብት ያላኮራው ሰው» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ውሃ ይዛ ስትመጣ አጠገቡ ቆመችና፣ ለቀስተኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ በጨዋነት «ጋሼ ሙዘይን፣ ጨጓራዎ ተሻለዎት እንዴ?» አለችው። የጎረሰውን መዋጥ አቃተው። ውሃውን ከእጇ ተቀበለ፣ አልጠጣውም፣ ተነስቶ ጫማውን ፈለገ። ለእናቴ ያ በቂ ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን አላነሳችም። ለእኔ በቂ አልነበረም፣ አሁንም አይደለም።

ቤታችን የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል። ፉአድ ከከተማው ዳር በተከራየው መጋዘን ውስጥ ቢላ ይሠራል፤ ከአባታችን ተምሮ፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ለሆቴሎች። በቅርቡ የሱን ቢላ ፎቶ ከራሱ ገጽ ወስደው፣ የሌላ ዕቃ መሸጫ ያደረጉ ሰዎች ስልኩ ላይ አገኘ። የተጻፈው ቁጥር ላይ ደወለ፣ ዝግ ነው። መልእክት ጻፈ፣ መልስ የለም። አድራሻ ፈለገ፣ አልተጻፈም። ነገሩን ሲነግረኝ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔ ግን ምሽቱን ሙሉ እናቴን ሳስብ አመሸሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ገፍታ ሄዳ፣ የበደላትን ሰው ፊት ለፊት ዓይኑን እያየች የቆመችውን። ያኔ ፍርድ አላገኘንም፤ ግን የምንቆምበት ደጃፍ ነበረን።